ኮፍያውን አውልቆ ይግባ

መርዶው የደረሰኝ ቀን ጋሪ እየገፋሁ ነበር የሄድኩት። በሶሞ ደሴት ሰው የሚጠራው በድምፅ ማጉያ ነው። የመንደሩ ሊቀ መንበር ከአዳራሹ ሆኖ ሲናገር ከጀልባ ማሰሪያው እስከ ነጭ ሽንኩርት ማሳው ድረስ ይሰማል። «የሳንጊል እናት ወደ አዳራሽ ብቅ ይበሉ» አለ። እንዲያ ሲጠራኝ ሁልጊዜ ልጄ ከኢንቾን ዕቃ ልኮልኝ ነው፤ አንድ ጊዜ የሩዝ ማብሰያ፣ አንድ ጊዜ የሚሞቅ ምንጣፍ። ደርቆ በዘይት የሚበላውን የባሕር ቅጠል እያሰጣሁ ነበርና እጄን በሽርጤ ጠርጌ ጋሪዬን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሴቶች ጋሪውን እያዩ ፊታቸውን አዞሩ። የሊቀ መንበሩ ድምፅ መንቀጥቀጡን እነሱ ሰምተዋል። እኔ የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው። «ዛሬ ደግሞ ምን ላከ ይሆን ይሄ ልጅ? ከባድ ባይሆን ጥሩ ነበር» እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ።

ጋሪውን ማን ወደ ቤት እንደመለሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሳንጊል በኢንቾን ወደብ ትልልቅ መርከቦችን በምትጎትት ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። ጀልባዋ በጉም ውስጥ ተገለበጠች። ሌሎቹ ተገኙ። የእሱ ኮፍያው ብቻ ተገኘ። ልጄ ሳያገባ ነው የሞተው፤ በእኛ ደሴት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህ ደብዳቤዎች ስለዚያ ናቸው።

መጻፍ የተማርኩት በስተርጅና፣ በመንደሩ አዳራሽ፣ ከሌሎች አሮጊቶች ጋር ነው። ዘንድሮ ለክፍላችን መጽሐፍ ሁላችሁም የጻፋችሁትን አምጡ ተባልን። ሌሎቹ ስለ ጎመናቸውና ስለ ባሎቻቸው አመጡ። እኔ ያለኝ ይህ ነው። ደብዳቤ የምንጻጻፈው ሄሪምም ፈቅዳለች። አንዳንዶቹን ደብዳቤዎች ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ህዳር 9

ለተከበሩ ወይዘሪት ሄሪም፣

ጤና ይስጥልኝ። ኢንቾን በርዶ ይሆናል፤ እንዴት ከረሙ፣ እንቅልፍስ ይወስድዎታል? በስልክ ስላለቀስኩብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎም አለቀሱ። ዕቃው ደርሶኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሳልመልስ ስልኩን ዘጋነው። ስለዚህ እጽፋለሁ። እያለቀስኩም ቢሆን እጄ ይጽፋል፤ ቀስ ይላል እንጂ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ዕቃው ደርሶኛል። ልብሱ፣ ጫማው፣ ትንሿ ሬዲዮው፣ የሱቅዎ ስም ያለበት የመነጽር ማኅደርም አለ። ውስጡ «እሁድን እንዳትረሳ። ሄሪም» የምትል ብጣሽ ወረቀት አግኝቼ ነው ወደ ሱቁ የደወልኩት። ስምዎን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ዝምተኛ ነው።

አንዱን ዕቃ ግን አላወቅነውም። እጀታ ያለው ትንሽ መንኮራኩር ነው፤ ዙሪያውን እንደ ዓሣ ጥርስ ጥቃቅን መርፌ ተተክሎበታል። የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ጆምሬ «ይሄማ የባሕር ቅጠል መብሻ ነው! ዘይቱ ጠልቆ እንዲገባ። የከተማ ሰው እኮ የማይፈለስፈው የለም» አሉ። ቅጠሉ ላይ አንከባለልነው። እውነቱን ለመናገር ዘይቱ ደኅና ገባ። ማታ ሳጥበው ግን መርፌዎቹ መሀል አጭር ጸጉር አገኘሁ። አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩት። እትዬ ጆምሬ ሲጠይቁኝም ጠፋ አልኳቸው።

ወይዘሪት ሄሪም፣ ይህ ዕቃ ምንድን ነው? ልጄስ ሁሉም ቤቱ በሚገባበት በመኸር ጨረቃ በዓል ሁለት ጊዜ ሳይመጣ የቀረው ለምንድን ነው? «ሥራ አለ እማዬ» ይለኝ ነበር። ሥራ ሰውን ሁለት ዓመት ከእናቱ ቤት ያስቀራል?

የሳንጊል እናት፣ ማልሱን

ህዳር 21

ለእናቴ፣

እንዲህ ብዬ ብጠራዎ ይፍቀዱልኝ። እርስዎም እባክዎ አንቺ ይበሉኝ፤ እርስዎ ሲሉኝ ከሱቁ ደንበኛ ጋር የማወራ ይመስለኛል። እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ ላሉኝ፣ ይወስደኛል። መንቃቱ ነው የሚከብደኝ።

ያ መንኮራኩር ጸጉር ለማብቀያ ነው። እትዬ ጆምሬን አይሳቁባቸው፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው የሊጥ መስሎኝ ነበር። አናት ላይ ቀስ ተደርጎ ሲንከባለል ቆዳውን ይቀሰቅሰዋል ይላሉ። እዚህ ብዙ ሰው በየቤቱ ያደርገዋል፤ ማንም ለማንም አይናገርም እንጂ።

ሳንጊልን ያወቅኩት መነጽር ሊያሠራ ሲመጣ ነው። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ነበር።

«ኮፍያዎን ካላወለቁ ልክዎን መውሰድ አልችልም» አልኩት።

«መነጽሩን ከነኮፍያው ነው የማደርገው።»

«ሲተኙስ?»

«ስተኛ መነጽር አላደርግም» አለኝ ኮስተር ብሎ። ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ «ላላብኝ» እያለ እየደጋገመ መጣ። መነጽር እንዲያ አይላላም፣ እናቴ።

እሁድ እሁድ እኔ ቤት ይመጣል። መንኮራኩሩን በአልኮል አጥበን፣ ትከሻው ላይ ፎጣ አንጥፌ፣ መብራቱ ሥር ያቀረቅራል። ከግንባሩ በኩል እሱ ራሱ በመስታወት እያየ ያንከባልላል። አናቱን ግን አያየውም፤ ስለዚህ አናቱ የእኔ ነበር። «ጠበቅ አርጊው» ይለኛል። «ሰው ነህ እንጂ የሚጠበስ ሥጋ አይደለህም፤ አርፈህ ተቀመጥ!» እለዋለሁ። ቆዳው ቀላ ሲል አቆማለሁ። ደም እንዲያወጣ አልፈቀድኩለትም።

ለምን እንዳልመጣ ለጠየቁኝ፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ ጆምሬ ካንዲት ልጅ ጋር ሊያገናኙት ወስደውት ነበር አይደል? የልጅቷ እናት ጓዳ ገብታ «ሙሽራ ይመጣል ስንል አባቱ መጣ!» ብላ ስትስቅ ሰምቷል። ኮፍያውን ያደረገው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። «ጸጉሬ ትንሽ ይሸፍን እንጂ አንቺን ይዤ ወደ ደሴቱ እሄዳለሁ። እማዬ ጎረቤት ፊት አንገቷን እንዳትደፋ» ይለኝ ነበር። እርስዎን ረስቶ አይደለም። በየሳምንቱ አናቱን የሚወጋው ወደ እርስዎ ለመምጣት ነበር።

አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። የሐዘኑ አዳራሽ መጥቼ ነበር። እርስዎ ከድርጅቱ የመጣሁ መስሎዎት ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ፎቶውን ቀና ብዬ ሳየው ጥቁር ጸጉሩ ግንባሩ ላይ የተኛ ወንድ አየሁ። የሌላ ሰው ሐዘን የገባሁ መሰለኝ። ዕጣን ለኩሼ ወጣሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ሄሪም

ታኅሣሥ 6

ልጄ ሄሪም፣

እንዴት ነሽ? አንቺ በዪኝ ስላልሽኝ አንቺ አልኩሽ። ጉንፋኑን በዝንጅብልና በማር ጠጪበት። የላክሁልሽ የባሕር ቅጠል በመንኮራኩሩ ያልተበሳ ነው፤ አትፍሪ፣ ብይው።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳበቃ ማሰጫው ላይ ተቀመጥኩ። ቅጠሉ ሥሬ ተሰባበረ። አባቱ እኮ ገና በጎልማሳነቱ ተመልጦ ነው የሞተው! ፀሐይ ሲመታው ከጀልባው ላይ ሆኖ አናቱ ያበራል፤ እኔ ከዳር ሆኜ በዚያ ነበር የማውቀው። «መጣልሽ፣ ጨረቃሽ ወጣች» ይሉኝ ነበር ሴቶቹ። መላጣ ልጅ ቢመጣልኝ ምን እላለሁ? አናቱን እዳብሰዋለሁ፣ ሩዙን አቀርብለታለሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ስለ ፎቶው ለጠየቅሽኝ፣ ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ነው ያስወጣነው። ፎቶ ቤቱ በዚያን ጊዜ ጸጉር ጨምሮበት ኖሯል። እኔም ሳየው እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ግን ሁለት ዓመት ያላየሁት ልጅ ነውና ተለውጦ ይሆናል አልኩ። አሁን በየቀኑ ጠዋት፣ ለሙት እንደሚደረገው፣ ለዚያ የፎቶ ሰውዬ ሩዝ አቀርባለሁ። ተርቦ የሚያድረው ልጄ ነው።

ኮፍያ ሳያደርግ የተነሣው ፎቶ አለሽ ወይ? አንድ እንኳ ቢሆን።

ሌላም የምነግርሽ ነገር ነበር። እትዬ ጆምሬ የጀመሩት ነገር ነው። ዛሬ እጄ አልታዘዘልኝም፤ ይቆየኝ።

እናትሽ

ታኅሣሥ 19

ለእናቴ፣

ቅጠሉ ደርሶኛል፤ ሱቅ ውስጥ ደብቄ ብቻዬን በላሁት። ጉንፋኑ ለቆኛል።

ፎቶ አለኝ፤ ግን እርስዎ የሚፈልጉት ዓይነት አይደለም። ፊቱን ከነኮፍያው ካልሆነ አያስነሣም ነበር። ያለኝ የአናቱ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ከመንኮራኩሩ በፊት አነሣዋለሁ፤ መብቀሉንና አለመብቀሉን እያወዳደርን ለማየት። ስልኬ በሙሉ አናት ነው። እኅቴ አንድ ቀን ከፍታ አይታ «ይሄ ሁሉ ሐብሐብ ምንድን ነው?» ብላኛለች። ሳንጊል ሲሰማ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ሳቀ።

በቅሎለት ነበር ወይ ላሉኝ፣ ልዋሽዎት አልችልም። ትንሽ ነው። የኮክ ፍሬ ላይ እንዳለው ዓይነት ለስላሳ ጸጉር፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ብቻ የሚታይ። ለእሱ ግን ደን ነበር። መስታወት በመስታወት እያደረገ «አየሽው? አየሽው?» ይለኛል። «አየሁት» እለዋለሁ። አይቼውም ነበር።

የመጨረሻውን አሳጥቤ ልኬልዎታለሁ፤ ከአደጋው በፊት የነበረው እሁድ ነው። አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ጸጉሩ እንደ አዙሪት ውሃ አንድ ቦታ ይዞራል፤ አጠገቡ ደግሞ ሌላ ትንሽ ዙር አለ። ቀድሞ አይታይም ነበር። በተሳሳተ በኩል አንከባልዬ ያበላሸሁት ይሆን? ለእሱ አልነገርኩትም።

ይቆየኝ ያሉት ነገር ምንድን ነው? ይንገሩኝ። ከመስማት መጠበቅ ይብሳል።

ሄሪም

ጥር 8

ልጄ ሄሪም፣

ፎቶው መጣ። ቀኑን ሙሉ ጉያዬ ውስጥ ዋለ። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ልንገርሽ። በእኛ ዘንድ ሳያገባ የሞተ ወንድ ነፍሱ መግቢያ የላትም ይባላል። ከአባቶቹ ጋር አይቀመጥም። ይወዳት በነበረችው ሴት ደጅ ይቆማል፤ እሷም ሌላ ኑሮ አይገባላትም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ሙት ለሙት ይዳራል። ከጭድ ሁለት አሻንጉሊት ይሠራል፣ ይለብሳል፣ ከሙታን ጋር የምትነጋገረው አዋቂ ትዘፍንላቸዋለች፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ፤ ከዚያ ይቃጠላሉ። ነፍሳቸው ታርፋለች ይባላል።

ከማዶ ደሴት አንዲት ልጅ አለች፤ ሚንሱክ ትባላለች። በሕመም ነው የሞተችው፣ ሳታገባ። አባቷ ደኅና ሰው ነው፤ መጥቶ እደጄ ላይ ቆመ። ከዚያ «ልጄ ድስት ማጣፈጥ ታውቅ ነበር» አለኝ። እንደ ሕያው ልጅ። እትዬ ጆምሬ ቀን ሊቆርጡ ነው። እኔ ግን «ቆይ፣ የምጠይቀው ሰው አለኝ» አልኳቸው።

ሄሪም፣ አንቺ ካልፈቀድሽ አላደርገውም። ፍቀጂልኝ።

እናትሽ

ጥር 15

ለእናቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታ ማስረዘም አልቻልኩም፣ ይቅርታ።

አይሆንም።

በሕይወት ስላለሁ ነው የማልቆጠረው? ሚንሱክን አልጠላትም፤ አላውቃትም። እሷም አታውቀውም። ጀልባ ላይ ውሎ መጥቶ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ እንደሚያንቀላፋ አታውቅም። አናቱን ነክታ አታውቅም። ሁለቱም መሞታቸው ባልና ሚስት ካደረጋቸው፣ የእኔ እሁዶች ምን ነበሩ?

አሁንም እሁድ ሲመጣ ፎጣውን አነጥፋለሁ። አዲስ መንኮራኩርም ገዝቻለሁ፤ አሮጌው እርስዎ ዘንድ ነው፣ መርፌውም ዶልዱሟል። ለማን እንደገዛሁት አይጠይቁኝ። እኅቴ አንድ ሰው ልታስተዋውቀኝ ፈልጋ ነበር፤ ከምግብ ቤቱ በር ተመለስኩ።

ደጄ ላይ ከቆመ ይቁም። በሩን እከፍትለታለሁ።

ሄሪም

የካቲት 10

ልጄ ሄሪም፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በዪኝ። ታምሜ አይደለም፤ ቃል እየፈለግሁ ነበር። እትዬ ጆምሬ «ያቺ የኢንቾኗ ምን አለች?» እያሉ ደጋግመው መጡ። «እያሰበች ነው» አልኳቸው። ቁጣሽን ለማንም አላሳየሁም። እኔን ግን ደስ አለኝ። ልጄ እንዲህ አድርጎ የሚቆጣለት ሰው ነበረው።

ስለ ፎቶው የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስ። አላበላሸሽውም፣ ልጄ። ሳንጊል ሲወለድ አናቱ ላይ ሁለት ሽክርክሪት ነበረው። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፤ ልክ አንቺ እንዳየሽው። እትዬ ጆምሬ ገና ከማሕፀን እንደወጣ አይተው «ሁለት ነው! ይሄማ ሁለት ጊዜ የሚያገባ ነው። ወዮ ለፊተኛይቱ!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ሁለት ሽክርክሪት ያለው ወንድ ሁለት ሚስት ያገባል ይባላልና። ሲያድግ ጸጉሩ ጠቅጠቅ ብሎ ሸፈነው። ሲመለጥ ደግሞ ጠፋ። እኔም ረሳሁት። አንቺ በዚያ መርፌሽ ፈልገሽ አወጣሽው። ያየሽው ልጄን ነው፣ እኔ እንደወለድኩት።

ስለዚህ ስሚኝ። ሁለት ጊዜ ያገባል፤ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ይህን የምልሽ ላባብልሽ አይደለም። ለማንም የማያሳየውን ራሱን የሰጣት ሴት ሚስቱ ካልሆነች፣ ሚስት ምንድን ናት? ሚንሱክን ልተካብሽ አልመጣሁም። የፊተኛይቱን ፈቃድ ልለምን ነው የመጣሁት።

በሩን እከፍትለታለሁ አልሽ። አይገባም። ልጄን አውቀዋለሁ። ኮፍያውን ደፍቶ ደጅሽ ላይ ይቆማል፤ ለማንኳኳትም ያፍራል፣ ለመሄድም ያፍራል። እኔንስ ሁለት በዓል ሙሉ እንዲህ አይደል ያደረገኝ? እሱ ውጭ ብርድ ላይ፣ አንቺ ከበሩ ጀርባ፣ ፎጣ አንጥፈሽ ስታረጂ ማየት አልችልም። አንድ ልጅ ባሕር ወስዶብኛል። ሁለተኛዋን እሁድ እንዲወስዳት አልፈልግም።

ይኸው ነው የምለው። አይሆንም ካልሽ ደግሞ አይሆንም። ሁለተኛ አልጠይቅሽም።

እናትሽ

የካቲት 28

ለእናቴ፣

ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የቀደድኩት እምቢ ስለምልበት እንዳይመስልዎ፤ እሺ የሚለውን ቃል የት እንደማስቀምጠው ስለጠፋኝ ነው። እዚህ ላስቀምጠው፤ እሺ።

ለዚያ አሻንጉሊት እንዲሆን ይህን ልኬያለሁ። ቀስ ብለው ይፍቱት። ሳንጊል የረገፈ ጸጉሩን አይጥልም ነበር፤ ከትራሱ ከፎጣው እየለቀመ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይጠቀልለዋል። «ምን ያደርግልሃል?» ስለው «የእኔ ሰዎች ናቸው፤ ወጥተው የቀሩ» ይለኝ ነበር። ጥቂት ናቸው። ለእኔ አላስቀረሁም። ባስቀር እንደገና ፎጣ ማንጠፌ አይቀርም።

አንድ ልመና አለኝ። እንደዚያ እንደ ፎቶው ሰውዬ አድርጋችሁ አትዳሩት። ሚንሱክ ልታገባው ከሆነ እሱን ታግባው። ከነአናቱ።

እንዳይከፋትም ይንገሩልኝ፤ ልትቀመጥ ስትል ወንበሩ ላይ አንቀላፍቶባት ታገኘዋለች። ጥሩ ሰው ነው።

ሄሪም

መጋቢት 14

ልጄ ሄሪም፣

ሠርጉ አለፈ። እንዴት እንደነበር አልጽፍልሽም፤ አልችልምም። ያንቺ የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

የጭዱን ራስ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ የላክሽውን ፎቶ ፊት ለፊቴ አቆምኩ። ጸጉሩን በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ ሰፋሁት፤ ትልቁን ዙር አስቀድሜ፣ ከዚያ ትንሹን። መርፌው ጭዱ ውስጥ ሲገባ ክርች የሚል ድምፅ አለው። «ጠበቅ አርጊው» ሲለኝ ሰማሁት ብልሽ ታምኚኛለሽ። እኔም ያንቺን መልስ መለስኩለት።

እትዬ ጆምሬ ገብተው አዩና «ምነው የሳንጊል እናት! ይሄ ሙሽራ ነው ወይስ የተነጨ ዶሮ? ጥቁር ክር አለኝ፤ ሙይው እንጂ» አሉ።

«አልሞላውም።»

«እንግዲያው ከላይ የሙሽራ ቆብ ይደፋበታል። ማንም አያየውም። ተመስገን ነው!»

ቆቡን ደፉበት። ጥቁሩን፣ ባለ ሁለት ክንፉን። ዝም አልኩ። አዋቂዋ ስትዘፍንም አልነካሁትም። ወደ ጫጉላው ክፍል ሲያስገቧቸው ግን በሩ ደፍ ላይ ደረስኩባቸውና ቆቡን አወለቅኩት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ልጄን ሁለት ዓመት ያስቀረብኝ ኮፍያ መሰለኝ። «ነውር ነው! እንግዳ አለ!» አሉ እትዬ ጆምሬ በጥርሳቸው። አዋቂዋ ከበሮዋን አቆመች። አየችኝ። «እናቱ ናት። ተዉአት፤ እንዲሁ ይግባ» አለች።

የሚንሱክ አባት ቀረብ ብሎ አናቱን አየ። እኔ «አባቱ መጣ» ብላ የሳቀችውን የዚያችን ሴትዮ ሳቅ ነበር የምጠብቀው። እሱ ግን የራሱን ባርኔጣ አወለቀ። እሱም መላጣ ነው፣ ሄሪም። «ልጄ የእኔን አናት ታሽልኝ ነበር፤ አትደነግጥም» አለኝ።

ከዚያ እትዬ ጆምሬ ጎንበስ አሉ፤ ዓይናቸው ደከም ብሏልና በጣም ቀረቡ። «ሁለት ነው» አሉ። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ሁለት ነው፣ የሳንጊል እናት። ረስቼው።» እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ያንን የፎቶ ቤት ሰውዬ ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። አናቱን ሰቀልኩት። የሚመጣ ሰው ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል። ልጄ ነው፣ አቀርቅሮ ነው እላለሁ።

እናትሽ

ሚያዝያ 20

ለእናቴ፣

ደኅና ነዎት? ወገብዎን ሻል ብሎዎታል?

እንዴት ነሽ ላሉኝ፣ ፎጣውን አጥቤ አጣጥፌ ከሌሎቹ ፎጣዎች ጋር አስቀመጥኩት። አሁን የትኛው እንደሆነ ፈልጌ ካላወጣሁ አላውቀውም። አዲሱን መንኮራኩር ከላይ ፎቅ ለሚኖሩት ባለ ኮፍያ ሰውዬ ሰጠኋቸው። በጣም ተቀየሙኝ፤ ከዚያ ተቀበሉኝ። «አናትዎን የሚያይልዎ ሰው ይፈልጉ፤ ብቻዎን አይሆንም» አልኳቸው።

ባለፈው እሁድ ከቤት ወጥቼ ወደቡ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ደጄ ላይም ከኋላዬም የቆመ ሰው አልነበረም። ደስ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ እንባዬ መጣ። ይህንንም ከእርስዎ በቀር የምነግረው የለኝም።

ለመኸር ጨረቃ በዓል እመጣለሁ። በድምፅ ማጉያው ሲጠሩዎ ጋሪ ይዘው እንዳይወጡ፤ ዕቃዬ ቀላል ነው።

ሄሪም

እኔ ግን ጋሪዬን ይዤ እወጣለሁ። ጎማውን ዛሬ አስነፍቼዋለሁ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ባሕር ዳር ያላችሁም፣ ባሕር አይታችሁ የማታውቁም፣ በምታምኑበት በኩል ለልጄ ለሳንጊል አንድ ቃል አውጡለት። ገላው ያረፈበትን አላውቅምና መቃብሩ ላይ ሣር የሚነቅልለት የለም፤ ቃላችሁ ይሁንለት። ለሚንሱክም ጨምሩላት። ጸጉር አትለምኑለት፤ ለእኛ ያለው ይበቃናል። በሄደበት ደጅ ላይ አፍሮ እንዳይቆም፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ቀና ብሎ እንዲገባ ጸልዩለት።